አንድ ጊዜ መታጠብ

ጓንቱን ያመጣሁላት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ።

ያኔ ናታንያ ከተማ፣ በሳፒር የኢንዱስትሪ ቀጠና ሰላጣ በሚያሽግ ፋብሪካ ነበር የምሠራው፤ ያ ስስ ነጭ ጓንት እኛ ዘንድ እንደ ልብ ነው። ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። አንድ ቀን «ኢማ፣ ከሥራሽ ጓንት ታመጪልኛለሽ?» አለችኝ፤ እማዬ የምትለኝ በዕብራይስጥ ነው። ለምን እንደፈለገችው አልጠየቅኋትም። ከእኔ የምትፈልገው ነገር በመገኘቱ ብቻ ደስ ብሎኝ በማግስቱ አለቃዬን አስፈቅጄ አንድ ካርቶን ይዤላት መጣሁ። ስታየው ፊቷ በራ። ልትስመኝ ብድግ አለችና ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። ከዚያ «ቶዳ፣ ኢማ» ብላ አመስግናኝ ካርቶኑን በሶፍት ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች። ልጅ ሲያድግ እናቱን መሳም ያፍራል ብዬ ተውኩት።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል፤ ካልሆነ ነገሩ አይገባም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነን ወደዚህ አገር ስንመጣ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ወንበሯን ጎትታ ራቅ አለችኝ። ወንበሯን ብቻ ጎተተች። እኔ ደግሞ ቂም የማልረሳ ሰው ነኝ፤ ያ ወንበር ሲጎተት ያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ ፀጉሯን ጎንጉኜ፣ ካልሲዋን ሳይቀር ተኩሼ፣ በር ላይ አቆምኳትና «ከሁሉም ነጽተሽ ሂጂ፤ ማንም ከአጠገብሽ ወንበር እንዳይጎትት» አልኳት። በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት ይህንኑ እደግምላት ነበር። እንደ ምርቃት ነበር የምቆጥረው።

እንግዲህ ልጄ መታጠብ ስታበዛ እኔ ምን ልበል? ደስ አለኝ እንጂ። መጀመሪያ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጫማዋን ደጅ ማውለቅ ጀመረች። ቀጥሎ ልብሷን በሩ ሥር ቀይራ በቀጥታ ወደ መታጠቢያ ቤት መግባት መጣ። ቀጥሎ ቦርሳዋ ከበሩ እንዳያልፍ ሆነ፤ የበሩንም እጀታ በክርኗ ትከፍተው ጀመር። በእረፍት ሰዓት ለሥራ ጓደኞቼ «የናንተ ልጆች ታጠቡ ሲባሉ ያለቅሳሉ፤ የኔን ደግሞ ከውሃ የሚያወጣት ጠፋ» እያልኩ እኮራ ነበር። ፋብሪካችን ውስጥ ከእጅ መታጠቢያው በላይ አስተጣጠቡን የሚያሳይ ሥዕል ተለጥፏል፤ መዳፍ፣ የጣት መሐል፣ ጥፍር፣ አለቀ። የኔ ልጅ ይህን ብታይ ትስቅባችሁ ነበር እላቸው ነበር።

ከእኔ ይበልጥ የተደሰተችው እናቴ ናት። እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው፤ ራማት የዲዲም በሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ሳምንቱን የሚያሳልፈው መንገድ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቤታችን የሦስት ሴቶች ቤት ነበር ማለት ይቻላል። እናቴ ባደገችበት የጎንደር ገጠር የእኛ ሰዎች፣ አይሁዶቹ፣ ገበያ ውለው፣ ከሌላው ሰው ጋር ተነካክተው ሲመለሱ ሳይታጠቡ ቤት አይገቡም ነበር። ሴቶች ደግሞ የወር አበባቸው ሲመጣ ከሰፈሩ ዳር በተሠራች ጎጆ ሰባት ቀን ይቀመጣሉ። ሰው አይነኩም፤ ሰውም አይነካቸውም። እዚህ ስንመጣ ጎጆዋ ቀረች። አራተኛ ፎቅ ላይ ጎጆ የት ይሠራል? እናቴ ለዓመታት በረንዳው ላይ ለብቻዋ እየተኛች ወጉን እንደምንም ጠበቀችው፤ እኔ ግን ካገባሁ በኋላ ተውኩት። በዚህም ታዝንብኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ልጄ አንድ ቀን የወር አበባዋ ሲመጣ ማንም ሳይነግራት ፍራሿን ጎትታ በረንዳው ላይ አነጠፈች። ሳህኗንና ብርጭቆዋንም ለየች። እናቴ እንባዋ መጣ። «እሰይ የኔ አበባ! እኛ የጣልነውን እዚሁ የተወለደችው አነሣችው!» አለች። ስልክ ተደወለ፤ ከናታንያ እስከ ቤርሼባ ያልሰማ ዘመድ አልነበረም። እኔም ትንሽ አፈርኩ፣ ትንሽ ኮራሁ።

ደስ የማይለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጥያቄዋ።

«ኢማ፣ ማንኪያው ንጹሕ ነው?»

«ንጹሕ ነው።»

«አት ቤቱሐ? እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ማንኪያውን ታነሣለች፤ መልሳ ታስቀምጠዋለች። «ግን ከአውቶቡስ ስትወርጂ እጅሽን ታጥበሻል?» በቀን ሃያ፣ ሠላሳ ጊዜ። እኔ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም፤ ስድስተኛው ላይ እጮሃለሁ፣ እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ እጸጸታለሁ፣ ሰባተኛውን በለሆሳስ እመልሳለሁ። ከእኔ ጋር መነካካትም ቀስ በቀስ ተወች። ከፋብሪካ ስመጣ ግድግዳ ተጠግታ ታሳልፈኛለች። ይህንንም ለወጉ አደረግሁት፤ ከውጭ የገባሁ ነኛ።

ከትምህርት ቤት ስልክ የተደወለልኝ ፋሲካ ሲቃረብ ነው። የተማሪዎች አማካሪዋ፣ ዮኤጼት የሚሏት፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጠችኝ። ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። «እንደዚህ መታጠቧ የእናንተ ማሶሬት፣ የቆየ ወጋችሁ እንደሆነ ልጅሽ ነግራናለች። ወጋችሁን እናከብራለን» አለችኝ። በዚህ አገር ትምህርት ቤት ውስጥ ተቀምጬ «እናከብራለን» ሲባል የመጀመሪያዬ ስለሆነ ትከሻዬ ሰፋ።

ከዚያ ማስታወሻዋን ገለጠች። ልጄ በየሩብ ሰዓቱ ከክፍል ትወጣለች። ሴቶች ልጆች ሽንት ቤቱ በር ላይ ተሰልፈው «ንግሥቲቱ እስክትወጣ ነው» ይላሉ። ከዓመቱ መጀመሪያ ወዲህ አንድም ፈተና አልጨረሰችም። በዚህ ከቀጠለች ከክፍሏ ጋር ማለፍ አትችልም፤ ምናልባት ለእሷ የሚስማማ ሌላ ትምህርት ቤት መፈለግ ሊኖርብን ነው።

ከዚህ ሁሉ ወሬ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው «ሌላ ትምህርት ቤት» የሚለው ነው። የዚያ ወንበር ድምፅ መጣብኝ። ብድግ አልኩ። «አዎ፣ ወጋችን ነው!» አልኳት። «ንጽሕናዋን ስለጠበቀች ነው የምታባርሯት?» ሴትዮዋ ፊቷ ቀላ፤ ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት እንዲሰጣት እንደምታደርግ ቃል ገባች። አሸንፌ ወጣሁ። እንደዚያ ቀን አሸንፌ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ተሳስቼ አላውቅም።

ቤት ስደርስ እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። ጉራዬን ስነዛ እየለቀመች ሰማችኝ፤ ከዚያ እጇ ቆመ።

«ኸትምህርቱ መኻል ተነሥታ ነው የምትታጠብ?»

«አዎ።»

«ማንን ነክታ?»

«እኔ ምን አውቄ! ማንንም።»

«በቀን ስንት ጊዜ?»

ቦርሳዬን ከትከሻዬ አወረድኩ። እናቴም ወደ ምስሯ ተመለሰች፤ ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ልጄን በዓይኗ ትከተላት ጀመር።

ሳምንት አልሞላም። ልጄ በረንዳው ላይ ሰባት ቀኗን ጨረሰች። እናቴ እንደ ወጉ ንጹሕ ፎጣና የታጠበ ቀሚስ አዘጋጅታ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከመታጠቢያ ቤቱ ደጅ ቆመች። ልጄ ገባች። ውሃው ተከፈተ፤ ተዘጋ። እናቴ ፎጣዋን ዘረጋች። ውሃው እንደገና ተከፈተ። ተዘጋ፤ ደግሞ ተከፈተ። እናቴ ወንበር አምጥታ በሩ ፊት ተቀመጠች። እኔ ከወጥ ቤት ሆኜ አያታለሁ። ወጡ በሰለ፣ ወረደ፣ ቀዘቀዘ፤ ውሃው ገና ነበር።

በመጨረሻ ልጄ ስትወጣ እናቴ ፎጣውን ትታ ሁለት እጆቿን ያዘቻቸው። ልጄ ጮኸች። የእጆቿ ጀርባ ተሰነጣጥቋል፤ በጣቶቿ መሐል ደም አዝሏል። ጓንቱን ለምን እንደፈለገችው የገባኝ ያኔ ነው። እጇን እንዳናይባት ነበር።

«ይኼ የኛ አይዶለም» አለች እናቴ። «የኛ መጨረሻ ነበረው። ሰባት ቀን ነው፤ ወንዝ እንወርዳለን፤ አንድ ጊዜ እንታጠባለን፤ ጀንበር ገባች፣ አለቀ። እናቴ ደጅ ቆማ አቅፋ ታስገባኝ ነበር። ኸዚያ ወዲያ ነጽቼ ይሆን ብሎ የሚጨነቅ የለም። ይች ልጅ ግን ፈርታለች። ምንድን ነው ያስፈራሽ፣ የኔ አበባ?»

ልጄ እጆቿን ከአያቷ እጅ አስለቀቀች። ከዚያ ዕብራይስጥና አማርኛ እየቀላቀለች ተናገረች። ከውጭ የሆነ ነገር ይዛ ገብታ በእሷ እጅ ሰበብ አያቷ እንዳትሞት ነው የምትታጠበው። «ሳቭታ፣ አያቴ፣ ሞኝነት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ራሴ ውስጥ ዜ ሎ ማፍሲክ፤ አያቆምም።»

«እኔማ እሞታለሁ» አለች እናቴ፤ «አርጅቼ። ባንቺ እጅ አይዶለም።»

እኔ ማማሰያውን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ትምህርት ቤቱ ወግ ነው ብሎ አከበረ፤ እኛ ቤት ወግ ነው ብለን ዘመርን። በሁለታችን መሐል ልጄ ዓመት ሙሉ ብቻዋን ነበረች።

በማግስቱ እናቴ ኩታዋን አጣፍታ «እኔ ራሴ እሄዳለሁ» አለች። ለዮኤጼቷ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። «ይች ልጄ አዋቂ መስላ ዋሽታሻለች በያት» አለችኝ፣ ወደ እኔ እየጠቆመች። እኔ አለሳልሼ፣ «እናቴ ሌላ አስተያየት አላት» ብዬ ተረጎምኩ። እናቴ ዕብራይስጥ አትችልም ብዬ ነበር፤ ለካ ለወሬ አይበቃትም እንጂ ለቁም ነገሩ ይበቃታል። ጠረጴዛውን በመዳፏ መታ አድርጋ «ሎ! ሎ ማሶሬት! ሖላ!» አለች። ወግ አይደለም፤ ታማለች ማለቷ ነው።

ዮኤጼቷ አልተኩራራችም። «ጠይቄ ማጣራት ሲገባኝ፣ ማክበር ማለት ዝም ማለት መሰለኝ» አለች። በዚያው ክፍል ደረጃ የእኛዋ ብቸኛ እንዳልሆነችም ነገረችን። አንድ ፊደል ካላማረላት ገጹን ሙሉ የምታጠፋና እንደገና የምትጽፍ ልጅ አለች፤ ላጲሷ ወረቀቱን እስኪበሳው ድረስ። ስሟን አልነገረችንም።

መሀል ከተማ ወዳለው የሥነ ልቦና ክሊኒክ ተላክን። ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። የበሽታው ስም በዕብራይስጥ ረጅም ነው፤ በአማርኛ ሐሳብ እያስገደደ የሚያሠራው በሽታ ልበለው። በመታጠብ ፍርሃቱ ለጊዜው ይቀልላል፤ ግን ያ ማቅለሉ ነው የሚመግበው፤ ነገ ይበልጥ ይጠይቃል። ልጄ ከወጣች በኋላ ጥያቄዬን ጠየቅሁ፤ አንደኛ ክፍል ስትገባ ያልኳትን፣ የወንበሩን ነገር፣ ሁሉንም። «እኔ ነኝ?» አልኳት። «ይህ በሽታ በምክር አይመጣም» አለችኝ። «ሲመጣ ግን ቤት ውስጥ ያገኘውን ልብስ ይለብሳል። በሌላ ቤት ሌላ ይለብስ ነበር።» ግማሹን አመንኳት። ሌላውን ግማሽ እስከ ዛሬ ተሸክሜዋለሁ።

ለእኔ ሁለት ሥራ ሰጠችኝ። አንደኛው የቀረውን ጓንት ከቤት ማውጣት ነው፤ ቀላል። ሁለተኛው «ንጹሕ ነው ወይ?» ስትል መልስ አለመስጠት ነው። «እንጃ» በሉ አለችን፤ እርግጠኛ ሳትሆን መቆየትን እንድትለምድ። እኔ፣ ሁሉን አውቃለሁ የምለው ሴትዮ፣ በቀን ሠላሳ ጊዜ «እንጃ» ልበል! እናቴ ደግሞ ንጹሕና ንጹሕ ያልሆነው ተለይቶ የሚታወቅበት ዓለም ሰው ናት። መጀመሪያ ሰሞን «እንጃ» ትልና በዓይኗ «ንጹሕ ነው» ትላታለች። ልጄም ታያታለች። «ሳቭታ፣ አታጭበርብሪ» እያለች እሷው መቆጣጠር ጀመረች።

ልጄና ባለሙያዋ አብረው ዝርዝር ጻፉ፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ የሚወርድ። የክፍሉን በር በእጅ መክፈት። ቦርሳውን አልጋ ላይ ማስቀመጥ። አንድ ሙሉ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ሳይወጡ መቀመጥ። ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጠፈ። የመጨረሻውን መስመር ግን ልጄ ወደ ኋላ አጥፋ በማግኔት ያዘችው። እጄን ወደዚያ በላክሁ ቁጥር «ኢማ! ዳይ! ተይ!» ትለኛለች። ባለሙያዋም የምትነግረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ያ መስመር እስካልተሠራ ድረስ ፍርሃቱ ተመልሶ የሚቀመጥበት ወንበር አለው።

ከባድ ጊዜ ነበር፤ ግን እንደምትፈሩት አልነበረም። አንዳንድ ሳምንት ሁለት መስመር ትወርዳለች፤ አንዳንድ ወር ወደ ላይ ትመለሳለች። ትምህርት ቤቱ በሙከራ ወደ አሥረኛ ክፍል አሳለፋት። እዚያ ነው ባለ ላጲሷን ልጅ ራሷ ያገኘቻት። እንዴት እንደተዋወቁ አልነገሩኝም፤ ብቻ አንድ ቀን ቤት መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ያጠናሉ። ያቺ ልጅ የልጄን እርሳስ ሆን ብላ ወለል ላይ ትጥላለች፤ ልጄ ታነሣና ትጽፍበታለች። ልጄ ደግሞ በዚያችኛዋ ንጹሕ ደብተር ጥግ ላይ ጠማማ ዶሮ ትሥላለች፤ ያቺ ጥርሷን ነክሳ ሳታጠፋው ትቀጥላለች። እየተሳሳቁ ያላብባቸዋል። ባለሙያዋ ያላደረገችውን እነሱ አደረጉ ብል አጋነንኩ፤ ግን ብዙም አልራቅሁም። በዚያ መኸር ልጄ የሒሳብ ፈተናዋን ከወንበሯ ሳትነሣ ጨረሰች። ውጤቱ የሚያኮራ አልነበረም፤ እኔ ግን ፋብሪካው ድረስ ይዤው ሄድኩ።

የታጠፈው መስመር ብቻ ቀረ።

በዚያው ክረምት፣ እዚህ ቀኑ በሚያጥርበት በብርዱ ወቅት፣ አንድ ቀን ከሥራ ተመልሼ ከአውቶቡስ ስወርድ ልጄ ፌርማታው ላይ ቆማለች። ደነገጥኩ።

«ምን ሆነሻል? ሳቭታ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ኢማ፣ ምንም ሳትናገሪ ሂጂ» አለችና እጄን ያዘች።

እጄ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል፤ የአውቶቡሱን ብረት ይዞ ነው የመጣው። የእሷ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ከዓመት በላይ ያልያዝኩት እጅ ነው። አድጓል። እኔ አፌን መዝጋት የማልችለው ሴትዮ እስከ ቤት ድረስ ትንፍሽ አላልኩም። ጎረቤት ሰላም አለችን፤ በራሴ ነቀነቅሁላት። በአሳንሰሩ ውስጥ የልጄን ፊት ላለማየት ቁጥሮቹን አየሁ።

ቤት ስንገባ ማግኔቱን አንሥታ የታጠፈውን ገለጠችልኝ። «ኢማ ከሥራ ስትመጣ እጇን መያዝ። በዚያው እጅ ሳቭታን መያዝ። ጀንበር እስክትገባ አለመታጠብ» ይላል።

እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። በሕይወቷ ሙሉ ከውጭ የገባ ያልታጠበ እጅ ነክቷት አያውቅም፤ እኛም አስነክተናት አናውቅም። ልጄ ፊቷ ቆመችና እጇን ዘረጋች። እናቴ እጁን አየች፤ እኔን አየች። እኔ በራሴ አዎ አልኳት። ሁለት መዳፎቿን አውጥታ ያንን እጅ ተቀበለችና ሳመችው። ከዚያ አጠገቧ አስቀመጠቻት። እኔም ከፋብሪካ ልብሴ ጋር ከወዲያ ጎኗ ተቀመጥኩ።

ማንም አልተነሣም። ልጄ የአያቷን ደረት ከፍ ዝቅ ሲል ትመለከት ነበር። ግንባሯ ላብ አውጥቷል። አንድ ጊዜ አልቻለችም።

«ሳቭታ፣ ደህና ነሽ?»

እናቴ አፏን ከፈተች፤ ደንቡ ትዝ አላት።

«እንጃ» አለች።

ልጄ ሳቀች፤ እናቴም ሳቀች። ሲስቁ እጆቻቸው አልተላቀቁም። ፀሐይዋ ከሕንጻዎቹ ጀርባ ወደ ባሕሩ በኩል ወረደች፤ የክረምት ቀን ስለሆነ ብዙም አላስጠበቀችን።

«ጀንበር ገባች» አለች እናቴ። «ተነሡ እንታጠብ። አንድ ጊዜ።»

መጀመሪያ እሷ ታጠበች። ቀጥዬ እኔ። በመጨረሻ ልጄ ገባችና በሩን ዘጋች። ከደጅ ቆሜ አዳመጥኩ። ቧንቧው ተከፈተ። ተዘጋ። ሁለተኛ ይከፈት ይሆን ብዬ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።

በሩ ተከፈተ።